ከረባት ያሰረ ጀሪካን

በየዓመቱ በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ሞል ማስተማር የምጀምርበት ቀን ሲቃረብ ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ የምትጠጡት ውሃ ይዛችሁ ኑ እላቸዋለሁ። ያመጣሉ። ሁሉም አንድ አንድ ጉንጭ ይወስዱና ሳይውጡ፣ ጉንጫቸውን ነፍተው ያዩኛል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰፍነው ጸጥታ ደስ ይለኛል፤ ተማሪ ከልቡ ዝም የሚለው አፉ በውሃ ሲሞላ ብቻ ነው። አፋችሁ ውስጥ ያለው አሥራ ስምንት ግራም ገደማ ነው እላቸዋለሁ፤ አሁን እያንዳንዳችሁ አንድ ሞል ውሃ ይዛችኋል። ከዚያ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተውና የፊተኛውን ልጅ ጀርባ ያረጥበዋል፤ ትምህርቱም በዚያው ይጀመራል።

ዘዴውን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከራሴ መምህር የወረስኩት ነው። እሳቸው ያስተማሩኝን ይዤ ቤት ስገባ የሆነውን ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። የሰሌዳ ነገር አይደለም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቀበና፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ነበር፤ እኔ፣ እናቴና የእናቴ እናት። የእናቴን እናት እማማ፣ የእናቴን አባት አባባ ነበር የምላቸው። እማማን አንቺ፣ አባባን አንቱ እንላቸዋለን። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ አባባን በኮታቸው ያየ ሰው ግን አንተ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰው ነበሩ። ፋይል ሲያገላብጡ የኖሩ ረጃጅም፣ ንጹሕ ጣቶች ነበሯቸው። ጡረታ ሲወጡ ሥራውን ተዉ እንጂ ከረባቱን አልተዉም። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡም፣ ለእድር ስብሰባ ሲሄዱም፣ በየወሩ ጠበል ሊቀዱ እንጦጦ ሲወጡም ከረባት ያስሩ ነበር። ጎህ ሲቀድ ባለ አሥር ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ይዘው በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ይወጣሉ፤ ረፋዱ ላይ ጀሪካኑን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ኮታቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየሸተተ ይመለሳሉ። መኪና አለ፣ ታክሲ አለ ቢባሉ አይሰሙም። ጠበል የሚወርደው በእግር ነው ይላሉ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ምንጩ ዳር ቢጫ ጀሪካን እንደ አሸዋ ነው። አንድ ቀን የእሳቸውን ሌላ ሰው አንሥቶባቸው ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ አሮጌ ወይን ጠጅ ከረባታቸውን እጀታው ላይ አሰሩበት። እንደ ገመድ አልነበረም ያሰሩት። ልክ አንገታቸው ላይ እንደሚያስሩት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ጥብቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች የወረደ ቋጠሮ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑ ሹመት አግኝቷል እያለ ይቀልድባቸው ጀመር። አባባ ከቀልዱ ይልቅ የከረባቱ ጫፍ መዛነፉ ነበር የሚያሳስባቸው፤ ቆም ብለው ያስተካክሉታል።

አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት ጠበላቸውን ይዘው ወርደው፣ ዛሬስ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ። ከዚያ ወዲያ እንጦጦን ከመስኮት ነው ያዩት። ብዙም አልቆዩልንም።

ያቺ የመጨረሻዋ ጀሪካን ከነከረባቷ የእማማ አልጋ ራስጌ ቀረች። እማማ በየጠዋቱ እህል ሳትቀምስ በፊት በአንድ ትንሽ ስኒ ትቀዳለች፣ ታማትባለች፣ ትጠጣለች፣ ተመስገን ትላለች። ጀሪካኑ ግማሽ ሲደርስ ደግሞ ከቧንቧ ውሃ ትጨምርበታለች። ይህ በእኛ ሰፈር ያለ ነገር ነው፤ ጠበል ውሃ ሲጨመርበት ይበረክታል እንጂ አያልቅም ይባላል። ጉልበቷ ዳገቱን ከከለከላት ቆይቷል። የእናቴ ታላቅ ወንድም መኪና አለውና፣ አስፋልቱም አሁን እስከ ላይ ድረስ ተዘርግቷልና፣ በወር በወሩ ትኩስ ጠበል ላምጣልሽ ብሎ ብዙ ጊዜ ለምኗታል። መልስ ስትሰጠው የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«የእንጦጦ ጠበልማ ሞልቷል፤ ማርያም ትመስገን። ይኼ እሳቸው በእጃቸው የቀዱት ነው።»

ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። በቤታችን ውስጥ የተሰወረ ወርቅ፣ የተደበቀ ገንዘብ አልነበረም፤ ሁላችንም እየተጠነቀቅን የምንዞራት ነገር ብትኖር ያቺ ጀሪካን ነበረች። ለእማማ ከአባባ የቀረላት ፎቶው ሳይሆን እሷ ናት። ፎቶው ላይ አባባ ፈገግ አላሉም፤ ስለዚህ እማማ ፎቶውን እሳቸው ናቸው ብላ አትቀበለውም ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሞል የሚባለው ነገር መጣ። የኬሚስትሪ መምህራችን የሚኖሩት አያት ኮንዶሚኒየም ነበር፤ በየጠዋቱ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ እየያዛቸው አርፍደው፣ እያለከለኩ ነው የሚገቡት። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ትምህርቱን በመንገድ ያስተማሩን። ግራም ማለት ቀበና ነው አሉን፤ አተም ማለት አያት ነው። ከቀበና አያት በቀጥታ የሚወስድ ታክሲ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አናውቅም አልን። እንግዲያው መገናኛ ወርዳችሁ ሌላ ትይዛላችሁ፤ ሞል ማለት መገናኛ ነው። ከግራም ተነሥታችሁ በሞላር ማስ፣ በአንድ ሞል ክብደት፣ ስታካፍሉ መገናኛ ደረሳችሁ። ከዚያ በትልቁ ቁጥር ስታባዙ ሞለኪውሎቹ ጋ ትደርሳላችሁ፤ ትንሽ ራመድ ብላችሁ አንዱ ሞለኪውል ስንት አተም እንደያዘ ካባዛችሁ ደግሞ አተሞቹ ጋ ናችሁ፤ ውሃ ሦስት ነው። ስትመለሱ ያባዛችሁትን አካፍሉ፣ ያካፈላችሁትን አባዙ። ማንም ሰው መገናኛን ሳይረግጥ አይሻገርም።

ትልቁን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ስድስት ብለው ጀመሩና ከኋላው ሃያ ሦስት ዜሮ ደረደሩ። ያን ያህል ጤፍ ቢኖረን ቤታችንን፣ ሰፈራችንን፣ አገሩን በሙሉ ከፎቅ በላይ ይቀብረው ነበር አሉ። ያን ያህል የውሃ ቅንጣት ግን አንድ ጉንጭ ናት።

እኔ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። የክፍላችን መስኮት ወደ እንጦጦ ነው የሚያየው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ጉም ወርዶ ግማሹን ተራራ ውጦት ነበር። ጤፉ ታየኝ። ቀበና ወንዝ ተሞልቶ፣ ጣሪያው ተሸፍኖ፣ የታክሲዎቹ ጥሩምባ ከሥር ታፍኖ፣ እኔ ግን በጫማዬ ሳልሰምጥ ከላይ ከላይ ስሄድ። ነጭ ጤፍ ነው፣ ማኛ። ከላይ ጉሙ፣ ከታች ጤፉ፤ በመካከሉ እኔ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። አባባ ምንጩ ዳር ተቀምጠው የጀሪካናቸውን ከረባት ያስተካክላሉ። ምንም አይሉኝም፤ የመጣሁበትን ያወቁ ይመስላሉ።

እንዲህ ሆኖ የሚማር ሰው ፈተና እንደማያልፍ የታወቀ ነው። አንድ ጉንጭ ውሃ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ ለሚለው ጥያቄ ማባዛት ሲገባኝ አካፍዬ፣ ከአንድ ሞለኪውል በታች አገኘሁ። መምህራችን ወረቀቴን አይተው፣ አንቺ ልጅ ከመገናኛ በተቃራኒው ታክሲ ተሳፍረሻል፤ በዚህ አያያዝሽ ውሃ ጥም ይገልሻል አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ተናደድኩ። እልህ አልወድም የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም፤ እኔ በሕይወቴ የተማርኩት ነገር ሁሉ በእልህ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ጨው፣ ስኳር፣ የእናቴን የጆሮ ጉትቻ፣ የገበታውን ሰሃን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ወደ ሞል እየለወጥኩ እማማን አሰለቸኋት።

የዚያን ሰሞን ቅዳሜ ነው ነገሩ የሆነው።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውንም ከራሱ ከውሃው በቀር የሚያውቀው የለም። የዚያን ዕለት እማማ ታች ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ነበር። እናቴ ቤት ስታጸዳ የጀሪካኗን ከረባት አየችው። አቧራ ጠጥቶ ወይን ጠጅነቱ ጠፍቷል። አባቷ ከረባታቸው ላይ የጠብታ ምልክት እንኳ የማይወዱ ሰው ነበሩና አሳዘናት። እማማ ሳትመለስ አጥቤ ላድርቀው አለች። ቋጠሮው ጠብቆ ጓዳ ውስጥ አልፈታ ስላላት ጀሪካኗን ብርሃን ወዳለበት በረንዳ አወጣቻት፣ በጥፍሯም በጥርሷም ብላ ፈታችው፣ አጠበችው፣ ገመድ ላይ አሰጣችው። ከረባቱ በንፋስ ሲወዛወዝ አስታውሳለሁ። አንገት ያጣ ይመስል ነበር።

ያኔ ነው ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ ውሃ መጣ ያለችው። ውሃ መጣ ሲባል በእኛ ግቢ ማንም አያስብም፤ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ደንቡ የቆየውን ውሃ ሳፋ ውስጥ ለልብስ ደፍቶ፣ ጀሪካኑን በአዲስ መሙላት ነው። እናቴ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን አንድ በአንድ እየደፋች ታቀብለኛለች፤ እኔ ቧንቧው ሥር አስቀምጣለሁ፤ የሞላውን ታነሣለች። ሳፋው ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ተዘፍዝፏል። ሁሉም ጀሪካን ቢጫ ነው፤ ሁሉም ባለ አሥር ሊትር ነው፤ ከሁሉም ላይ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው።

መጨረሻ ላይ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ከረባቱን ከገመዱ አወረደች፤ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ወደ በረንዳው ዞረች። የምታስርበት ጀሪካን የለም። ክው ብላ ቀረች። የአባባ ጀሪካን ትከሻዋ ላይ ሻማ ያቀለጣት ትንሽ ጠባሳ ነበረች፤ ሁለታችንም እኩል አየናት። ቧንቧው ሥር ናት፤ ከግማሽ በላይ ሞልታለች።

እናቴ ቧንቧውን ዘጋችው። በዚያ ግቢ ውስጥ ውሃ መጥቶ እያለ ቧንቧ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳፋውን አየነው። ዩኒፎርሜ አረፋ ውስጥ ተኝቷል። እናቴ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለች። ከዚያ ልብሱን ጨምቃ አወጣችና ውሃውን ከነሳሙናው፣ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ አጥሩ ጥግ ካለው ጽድ ሥር ቀስ አድርጋ ደፋችው፤ ጠበል መንገድ ላይ አይደፋም። ጀሪካኗን ድሮ ውሃው እስከነበረበት ድረስ ሞላቻት። ከረባቱን መልሳ አሰረች፤ ነጠላ ጫፍ ላይ ገንዘብ እንደሚቋጠር አድርጋ ቋጠረችው፤ የሴት ልጅ ቋጠሮ። ራስጌ መለሰቻት። ከዚያ ሁለቱንም ትከሻዎቼን ይዛ፣ እማማ ብታውቅ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ልቧ ይቆማል፤ አደራሽን አለችኝ።

እማማ ማምሻውን መጣች። የለቅሶውን ወሬ አወራችን፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ። ነጠላዋን ልትሰቅል ጓዳ ገባች፤ ትንሽ ቆየችና ወጣች። እራት በላን።

በማግሥቱ ጠዋት ስኒዋን ስትቀዳ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የእማማን ፊት አየሁ። አማተበች፣ ጠጣች፣ ተመስገን አለች። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመስ አላት። ጠዋት ጠዋት እማማ ወደ ጀሪካኗ እጇን ስትዘረጋ እናቴ ሥራ ፈልጋ ትወጣለች፤ ያለ ወትሮዋ ለእማማ ፍራፍሬ ትገዛለች፤ ፊት ለፊት አታያትም። አባቷ በእጃቸው የቀዱትን የመጨረሻ ውሃ በራሷ እጅ ካልሲና ዩኒፎርም አጥባበታለች። እኔም ያንን ዩኒፎርም ለብሼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ሳስደግፍ ቀስ ብዬ ነበር፤ አባባ የሚያማቸው ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ከአባባ ውሃ ጀሪካኗ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ለማወቅ እልህ ያዘኝ። የሞል ፈተና የወደቀች ልጅ እልህ። ሌላ ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ወስጄ ሞላሁ፣ እናቴ እንደደፋችው በችኮላ ደፋሁ፣ ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጌ አንድ ጥግ አስደግፌ ጠበቅሁ። በግድግዳውና በእጀታው ጉድጓድ የተደበቀው ውሃ እየተንጠባጠበ ስኒ ውስጥ ወረደ። አፌ ውስጥ ጨምሬ ለካሁት፤ ግማሽ ጉንጭ። ዘጠኝ ግራም። ለአሥራ ስምንት ሲካፈል ግማሽ ሞል። መገናኛ ደረስኩ። ከዚያ አባዛሁ፤ በትክክለኛው ታክሲ። እማማ ለረጅም ጊዜ ስትጨምርበት ስለኖረች እሱንም ቀነስኩ፤ ግማሽ ሲደርስ በሞላች ቁጥር የአባባ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰባት ጊዜ ያህል ሞልታዋለች። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጀሪካን ስንት ጉንጭ እንደሚይዝ አስልቼ በዚያ አካፈልኩት። ዜሮዎቹን እየቀነስኩ እየቀነስኩ አንድ ቦታ ያልቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቁም። ለአንድ ጉንጭ ከአራት በኋላ አሥራ ስምንት ዜሮ የሚሆን ሞለኪውል ደረሰ። በሦስት አባዝቼ ወደ አተም ለወጥኩት፤ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጠበቅሁት ነገር ቢኖር ደስታ ነበር፤ የመጣው ግን ማልቀስ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሌላም ነገር ተማርኩ። የውሃ ሞለኪውሎች በአንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም፤ ሃይድሮጅኖቻቸውን ያለማቋረጥ ይለዋወጣሉ። አንዱ ለአንዱ ይሰጣል፣ ያኛው ለሌላው ያቀብላል። ስለዚህ አባባ የቀዱት ያ ሞለኪውል ራሱ፣ እንዳለ፣ የለም፤ እሳቸው ከምንጩ ሳይወርዱ ነው የተለወጠው። አተሞቹ ግን አሉ። አንዳቸውም አልጠፉም፤ እጅ ነው የለወጡት። ያን ጊዜ ይህን ባለማወቄ ደስ ይለኛል፤ ሒሳቤን ማንም አይሰማኝም ነበር።

ለነገሩ ያን ጊዜም የሰማኝ የለም። ለእናቴ ልብስ ስታጣጥፍ ጠብቄ ነገርኳት። አለ፣ አልጠፋም፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ውስጥ አለ አልኳት፤ ዜሮዎቹን ቆጠርኩላት። ዩኒፎርሜን አጣጥፋ ጨረሰችና፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አለች። በቁጣ አልነበረም። በቁጥርሽ አባቴን አትመልሽልኝም አለችኝ፤ ልብሱን ይዛ ወጣች። የተናገረችው እውነት ነው። ቢሆንም ከፋኝ።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እናቴ ከሳች። ለንስሐ አባቷ እንደነገረቻቸው ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ለእናትሽ ንገሪያት ብለዋት ነበር። ያንን ነው ያልቻለችው። ቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር እንደ ቀድሞው ነበር፤ የሚያወራ ሰው ብቻ ቀነሰ። እኔ ማታ ስተኛ ጀሪካኗ ውስጥ ገብቼ የምዋኝ ይመስለኛል። ቢጫ ብርሃን ነው። ብዙ ሕዝብ አለ፣ መገናኛን የሚያህል፤ እየተጋፋሁ በመካከሉ ከረባት ያሰረ ሰው እፈልጋለሁ።

አንድ እሑድ፣ እማማ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ተቀመጥኩበት የበር ደረጃ መጣች። ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ናት፤ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ነው። ከኋላችን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። እማማ ጉልበቷን እየያዘች አጠገቤ ተቀመጠች። ውሃ መመዘን ትማራላችሁ አሉ አለችኝ። አዎ አልኳት። እንግዲያውስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለች። ይኸው እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ እየጠጣሁ፣ ሲጎድል እየሞላሁ ነው የኖርኩት፤ እሳቸው ከቀዱት አሁን የቀረ ነገር አለ ወይስ ቧንቧውን ነው የምጠጣው?

ጥያቄው ስለ ድሮው፣ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ስለነበረው ውሃ መሰለኝ። ስለዚህ የድሮውን አስረዳኋት። ከቀበና ተነሣሁ፣ መገናኛ ላይ ልለውጥ ስል አቋረጠችኝ፤ መገናኛን አልወደውም፣ ሰው ይበዛበታል አለች። እሱን እለፊው፣ ዝም ብለሽ አያት ድረሽ አለችኝ። መምህሬ ቢሰሙ ይቆጡ ነበር፤ እኔ ግን ዘልዬ ደረስኩላት። አንድ ጉንጭ ውስጥ ከአራት በኋላ ሃያ አንድ ዜሮ የሚሆን የአባባ ውሃ አለ አልኳት።

«በአንድ ጉንጭ?»

«በአንድ ጉንጭ።»

አገጯን በነጠላዋ ጫፍ ደግፋ ትንሽ አሰበች። ወንዙን ታያለች፤ ወይም ከወንዙ በላይ ያለውን።

«እሺ» አለች፣ በዚያው ድምፅ። «ተደፍቶ ቢሆንስ? ተደፍቶ፣ እርጥበቱ ብቻ ቀርቶ፣ በቧንቧ ውሃ ቢሞላ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

እማማን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ የጠየቀችው ስለ አየሩ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር የምታየኝ። የሠራሁት ሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ መግለጥ ግን አላስፈለገኝም። በቀስታ ጀመርኩ። ግማሽ ጉንጭ ብልሽ ዘጠኝ ግራም ነው፣ ግማሽ ሞል ነው አልኳት። እጇን አነሣች።

«ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

የእማማ ጆሮ ከሁለት አጥር ማዶ ሹክሹክታ የሚለይ ጆሮ ነበር። ያኔ ገባኝ። ሒሳቡን እየጠየቀችኝ ያለችው ለራሷ አልነበረም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩት።

«አለ፣ እማማ። በየጉንጩ አለ። ከአራት በኋላ አሥራ ስምንት ዜሮ። ቢደፋም አልወጣም።»

እማማ ራሷን ነቀነቀች። መጋረጃው ተገለጠና እናቴ ወጣች። እጇ እርጥብ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው ለማለት እንኳ አልሞከረችም። እማዬ አለች።

«ከለቅሶ የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለች እማማ። «ቋጠሮው የእሳቸው አልነበረም።»

ስንት ዘመን በየጠዋቱ አንገታቸው ላይ ያየችውን ቋጠሮ እንዴት አድርገን እናሳስታታለን ብለን እንዳሰብን አላውቅም። እናቴ ደረጃው ላይ፣ ከእማማ እግር ሥር ቁጭ አለች። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ፣ በየቀኑስ ለምን ጠጣሽው አለቻት። እማማ፣ ዝም አይነቅዝም፤ ቀን ሲቀናሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው አለች። ስትከሺ ሳይ ግን መጠበቁን ተውኩት አለቻት። ስኒዋንና ጀሪካኗን አምጪ አለችኝ።

አመጣሁላቸው። ከረባቱ በእናቴ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው። እማማ ራሷ ቀዳችና ስኒውን ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ አልተቀበለችም።

«የቧንቧ ውሃ ነው እኮ፣ እማዬ። አባዬ የቀዱት ሄዷል፤ ይኼን የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ስኒውን በግራዋ ያዘችና በቀኟ የእናቴን እርጥብ እጅ አነሣች። ገለበጠችው። የእናቴ ጣቶች ረጃጅም ናቸው፤ ሽንኩርት የነካቸውም ቢሆኑ ፋይል ያገላበጡ ይመስላሉ። እማማ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካቻቸው፤ ቸኩላ አልነበረም።

«ታዲያ ይኼ እጅ የማን ነው?» አለች።

እናቴ ስኒውን ተቀበለች። አንድ ጉንጭ ወሰደች፤ አልዋጠችውም። ጉንጯን ነፍታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እማማን ታያታለች። እኔም እማማም እስክትውጠው ጠበቅናት።